ለድኻው ተማሪ የሚደረገው ርዳታ ችሮታ ነውን ወይስ ዕዳ?

ሰው ለተራበ እንጀራ ቢቈርስ፥ ለታረዘም ልብስ ቢሰጥ መልካም አደረገ ይባላል፤ ባይሰጥ ግን ጨካኝ ቢባል እንጂ ባለዕዳ አይባልም። እንዲህ ያለውን ርዳታ ችሮታ ብለን እንጠራዋለን። ነገር ግን ሰው ለሌላው ከሚሰጠው ነገር መካከል ችሮታ ሊባል የማይገባው፥ ባለገንዘቡ ቀርቦ ባይጠይቀውም እንኳ መከፈል ያለበት ዕዳ አለ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ወደ መጨረስ የደረሰው የድኻ ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት እንዲሰናዳ የሚደረግለት ርዳታ ከነዚህ ከሁለቱ ከየትኛው ወገን ነው? የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን መመርመር ነው። አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አይምሰልህ፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ችሮታ ከሆነ ሲተርፈን የምንሰጠው፥ ሲሰለቸን የምናቋርጠው ነገር ይሆናል፤ ዕዳ ከሆነ ግን ቀን የተቈረጠለት ነውና ምቾታችንን አይጠብቅም።

አስቀድመን ነገሩ ያለበትን ሁኔታ እንመልከት። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወስደው ብሔራዊውን ፈተና ተፈተኑ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ከመቶ 8.4 አለፉ። ቍጥሩ ከፍ እያለ መሄዱ ደስ ያሰኛል። ቢሆንም በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና የሚበልጡት ግማሹን ነጥብ ሳያገኙ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።

ከዚህም ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ሌላ ቍጥር አለ። በ2015 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ1,300 በሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ካስፈተኗቸው ተማሪዎች አንድ ስንኳ አላለፈም። አንድ ልጅ ሰነፍ ሊሆን ይችላል፤ ዐሥር ልጆችም ሰነፎች ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን በአንድ ትምህርት ቤት የተሰበሰቡ ልጆች ሁሉ፥ ከዚያም በሺሕ በሚቈጠሩ ትምህርት ቤቶች ያሉ ልጆች ሁሉ፥ በአንድ ዓመት ሰነፎች ሆኑ ማለት ለአእምሮ የሚቀበሉት ነገር አይደለም። እንግዲህ ምክንያቱን ከልጁ ውጭ መፈለግ ይገባናል።

በዚህ ጊዜ የሚቀርበው የመጀመሪያው ተቃውሞ ይህ ነው። «ፈተናው ለሁሉ አንድ ነው፤ ለባለጠጋው ልጅ ቀሎ፥ ለድኻው ልጅ ከብዶ አልተዘጋጀም። ስለዚህ ፍርዱ ትክክል ነው፤ ለወደቀው እናዝንለታለን እንጂ የምንከፍለው ዕዳ የለብንም» የሚሉ አሉ። ይህ ንግግር ከፊሉ እውነት ነው። ሚዛን ለሁሉ አንድ መሆን ይገባዋል። በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ጥያቄ አስቀድሞ ወጥቶ ፈተናው በተሰረዘ ጊዜ፥ እንዲህ ባለው ስርቆት ይበልጥ የሚጐዳው ማን ነው? መልስ የሚገዛበት ገንዘብ፥ የተሰረቀውን ወረቀት የሚያቀብለው ወዳጅ የሌለው የድኻ ልጅ ነው። ቅን ሚዛን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው እርሱን ነው። ስለዚህ ድኻውን እንርዳ ብሎ ሚዛኑን ማጕደል ርዳታ አይባልም፤ በጐደለ ሚዛን የገባው ልጅ በዩኒቨርሲቲው በመጀመሪያው ዓመት ይወድቃልና፥ ከውድቀቱም ጋር ኀፍረትና የጠፋ ጊዜ ይጨመርበታል።

ነገር ግን ሚዛን የሚናገረው የእህሉን ክብደት ብቻ ነው፤ እህሉ በምን ዓይነት መሬት እንደ በቀለ፥ ዝናብ አግኝቶ ወይም አጥቶ እንደ ሆነ አይናገርም። የገጠሩን ልጅ ኑሮ እናስብ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመንደሩ የራቀ ስለሆነ በወረዳው ከተማ ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይቀመጣል። በሳምንቱ መጨረሻ ስንቁን ሊያመጣ በእግሩ ወደ አባቱ ቤት ይሄዳል፤ እዚያም የእርሻ ሥራ ይጠብቀዋል። ሰኞ ደክሞት ይመለሳል። እንጀራው በሳምንቱ አጋማሽ ይሻግታል፤ የማታ መብራትም አንዳንድ ጊዜ አለ፥ አንዳንድ ጊዜ የለም። ተማሪዪቱ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ውኃ መቅዳቱና ወጥ መሥራቱ፥ ታናናሾችንም መጠበቁ በርስዋ ላይ ይወድቃል፤ መጽሐፍ የምትገልጠው ሌላው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው።

በዚህ ላይ የቋንቋ ነገር አለ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጆች የመጀመሪያውን ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ተደርጓል፤ ይህም ለሕፃን አእምሮ የሚጠቅም መልካም ሥርዓት ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን፥ በአንዳንድ ክልልም ከዚያ አስቀድሞ፥ ሂሳቡም ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ከቤቱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያለው፥ ወላጁም የሚያስረዳው ልጅ ይህን ወንዝ በድልድይ ይሻገራል፤ ሌላው ግን በዋና መሻገር አለበት። እንግዲህ ይህ ልጅ በፈተናው ቀን የፊዚክሱን ጥያቄ ሲስት ፊዚክስ አለማወቁ ይሁን፥ ወይም የተጠየቀበትን ቃል አለማስተዋሉ፥ ሚዛኑ አይለይለትም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም ፈተናው በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል፤ በመኖሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ልጅና በትምህርት ቤቱ ስንኳ ያልነካው ልጅ በአንድ ሰዓት እኩል አይጀምሩም።

የጦርነቱም ጕዳት አይዘነጋም። በትግራይ የሚኖሩ ልጆች በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤት ከተዘጋባቸው ወዲህ፥ ጦርነቱ ተከትሎ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታ ተለይተው ቆይተዋል። በሌላም ስፍራ ውጊያ ባለበት ሁሉ የሚዘጋው የመጀመሪያው ደጅ የትምህርት ቤት ደጅ ነው። ሦስት ዓመት ያጣ ወጣት ሦስቱን ዓመት የሚተካለት ሰው ካላገኘ በምን ይተካዋል?

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ዓይን የማያየው ርስት አለ። የተማረ የከተማ ሰው ልጅ ምሳ ሲበላ፥ ወላጆቹ ሲጫወቱ ሰምቶ ብዙ ነገር ይወርሳል። ምሕንድስና ምን እንደ ሆነ፥ ሕክምና ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፥ የትምህርት ምርጫው ቅጽ እንዴት እንደሚሞላ፥ ጥያቄ ሲከብድ አልፎ ሌላውን ሠርቶ መመለስ እንደሚሻል ያውቃል። ማንም አስቀምጦ አላስተማረውም፤ ከአየሩ ጋር ተነፈሰው። የገበሬው ልጅ ግን አባቱ ጥበበኛ ቢሆን እንኳ ጥበቡ የአዝመራና የዝናብ፥ የከብትና የሽምግልና ጥበብ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ደጅ አልፎ አያውቅምና የዚያን መንገድ ሊያሳየው አይችልም።

«ይህ ሁሉ የዕድል ነገር ነው፤ እኔ ያላመጣሁትን ችግር እኔ ለምን እከፍላለሁ?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ሊናቅ አይገባም፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነውና። መልሱም ይህ ነው። በአገራችን የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የተሠሩት፥ መምህራኑም የሚቀጠሩት በጋራ ገንዘብ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ከወጪው አንዱን ክፍል በኋላ እንዲመልስ ቢደነገግም የሚበዛውን የሚሸከመው ሕዝብ ነው። ገበሬው ከእርሻው፥ ጕልት ሻጭዋም ከምትገዛው ጨውና ሳሙና ላይ ግብር ይከፍላሉ። የተማረው ወገናችን «ሳይማር ያስተማረኝ ሕዝብ» የሚለውን ቃል ሲናገር ኖሯል። ቃሉ የምስጋና ቃል ይመስላል፤ ደኅና አድርገን ብንመረምረው ግን የዕዳ መተማመኛ ነው። ሳይማር ያስተማረ ሰው ልጁ በዚያው በከፈለበት ቤት ደጃፍ ቆሞ መግቢያውን ሳያውቅ ሲቀር፥ ውስጥ የገባው ሰው መግቢያውን ቢያሳየው ቸርነት አደረገ አይባልም። የተበደረውን መለሰ እንጂ።

አባቶቻችን ይህን ነገር ሌላ ስም ሳይሰጡት ያውቁት ነበር። የቆሎ ተማሪ ለትምህርት ሲል ከአገሩ ወጥቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ ኮረጆውን አንግቶ በማያውቀው መንደር ደጃፍ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሲቆም፥ ባላገሩ የማን ልጅ ነህ፥ ምን ያህል ጐበዝ ነህ ብሎ አይመረምረውም ነበር። ያለውን ቈርሶ ይሰጠዋል፤ ከሌለውም በመልካም ቃል ያሰናብተዋል። በዚህ ዓይነት ራሱ ፊደል ያልቈጠረ ሕዝብ ሊቃውንትን አሳድጓል። በቅኔ ቤቱም የበሰለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ የጀማሪውን ቅኔ ይሰማል፥ ያርማል፤ የራሱን ትምህርት ሲማር ከበታቹ ያለውን ማስተማር የትምህርቱ ክፍል ነው እንጂ ትርፍ ሥራ አይደለም። ትናንት የተሻገረው ዛሬ የሚሻገረውን እጁን ይይዘዋል።

ነገር ግን ከዚያው ከቅኔ ቤት የምንማረው ሁለተኛ ነገር አለ። መምህሩ መንገዱን ይነግሩታል፥ ስሕተቱን ያርሙታል፤ ቅኔውን ግን አይቀኙለትም። ሌሊቱን ሲያወርድ ሲያወጣ የሚያድረው ተማሪው ራሱ ነው። ይህም «ርዳታ ሰውን ያሰንፋል» ለሚለው ለሁለተኛው ተቃውሞ መልስ ይሆናል። ሰውን የሚያሰንፈው ርዳታ በርሱ ፈንታ የሚሠራለት ርዳታ ነው፤ መልሱን የሚያስኮርጀው፥ ያላወቀውን እንዳወቀ ቈጥሮ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሳልፈው ማለት ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባል፥ ሳያውቅ እያለፈ 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ጥልቁ ላይ መድረሱን የሚያውቀው በፈተናው ቀን ነው። በያመቱ ያሳለፉት ሰዎች የራሩለት ይመስላቸው ነበር። እውነተኛው ርዳታ ግን ልጁን የገዛ ድካሙ ፍሬ ወደሚያፈራበት ስፍራ የሚያደርሰው ነው። መጽሐፍ የሌለው ልጅ ቢተጋም ትጋቱ ባዶ ላይ ይወድቃል፤ መጽሐፍ ብትሰጠው ማንበቡ የርሱ ፈንታ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተስማማን ብንሆን እንኳ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ገና አልተነካም። ዕዳው የብዙ ልጆች ነው፤ የሚከፈልበት ጊዜና ገንዘብ ግን ጥቂት ነው። አንድ መምህር በክፍሉ ስድሳ ተማሪዎች ቢኖሩት፥ ከሥራው በኋላ የሚተርፈው አንድ ሰዓት ቢሆን፥ ያን ሰዓት ለማን ይስጠው? ለማለፍ ጥቂት ለጐደላቸው ለዐሥሩ ቢሰጥ ምናልባት አምስቱ ያልፋሉ። እጅግ ወደ ኋላ ለቀሩት ለሠላሳው ቢሰጥ በዚህ ዓመት አንድም ላያልፍ ይችላል። ሂሳብ ብቻ የሚያውቅ ሰው «ለዐሥሩ ይስጥ» ብሎ ነገሩን ይጨርሳል። መንግሥትም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ብሎ ባቋቋመው ሥርዓት፥ ግማሹን ካላገኙት መካከል በነጥብ የተሻሉትን መርጦ በዩኒቨርሲቲዎች ለጥቂት ወራት አስተምሮ ዳግመኛ እንዲፈተኑ አድርጓል፤ ይህም የብዙዎችን ተስፋ የቀጠለ ሥራ ነው። ቦታው የተወሰነ ሲሆን የቀረበውን መውሰድ በደል አይባልም።

ቢሆንም የቀረበውን መርጦ የራቀውን መተው ሁልጊዜ በሂሳብ እንኳ ትክክል አለመሆኑን የሚያመለክት ነገር አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው ድኽነትን ለመዋጋት በታሰበ ሕግ መነሻነት አፕዋርድ ባውንድ የሚባል ሥርዓት ተቋቋመ። ገቢያቸው አነስተኛ ከሆነና ወላጆቻቸው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ከሌላቸው ቤተ ሰቦች የተወለዱትን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፥ በትምህርት ዘመኑ ከክፍል ውጭ፥ በዕረፍቱ ወራት ደግሞ በኮሌጅ ግቢ እያስተማረ ለኮሌጅ ያሰናዳቸዋል። ይህን ሥርዓት የአገሩ የትምህርት መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ባስጠናው ጊዜ፥ ተማሪዎቹን ሁሉ በአንድነት ሲመለከቱ ወደ ኮሌጅ በመግባት ረገድ ጐልቶ የታየ ልዩነት አልተገኘም፤ ነገር ግን ሲጀምሩ እስከ ዲግሪ እንማራለን የሚል ተስፋ ላልነበራቸው ልጆች ጥቅሙ ትልቅ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። አስቀድሞ ቈርጦ የተነሣ ልጅ ያለ ረዳትም መንገድ ይፈልጋል፤ ርዳታው ሕይወቱን የሚለውጥለት፥ መንገድ መኖሩን ያላወቀው ነው። እንግዲህ ርቆ የሚታየው ልጅ ሁሉ በእውነት የራቀ አይደለም። አንዳንዱ የራቀ የመሰለው ማንም ቀርቦ ስላልጠየቀው ነው።

የእኔ አሳብ ይህ ነው። ፈተናው ሦስት ወር ሲቀረው መምህሩ ያን አንድ ሰዓት ለቀረቡት ቢሰጥ አይወቀስም፤ ሰጣሚ ታንኳ የሚያድነው እጁ የደረሰበትን ነውና። ነገር ግን ይህ ምርጫ የሚፈቀደው ለራቁት የሚገባው ዕዳ አስቀድሞ፥ ማለት ከ9ኛ ክፍል፥ ይልቁንም ከዚያ በፊት፥ መከፈል በጀመረበት ስፍራ ብቻ ነው። ዛሬ የራቁትን «ጊዜ አጠረን» ብለን ትተን፥ በሚመጣውም ዓመት፥ በሚቀጥለውም ይህንኑ የምንል ከሆነ፥ ምርጫችን የችግር ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ልማድ ይሆናል። የማለፊያ ቍጥራቸው ከፍ እንዲል ደካማውን ልጅ ከመዝገባቸው አስቀድመው የሚያሰናብቱ ትምህርት ቤቶች ቢገኙ፥ ሌላው ዓለም ያመሰግናቸው ይሆናል፤ ዕዳውን ግን ለጎረቤታቸው አሸከሙት እንጂ አልከፈሉትም።

ለራቀው ልጅ ደግሞ ሌላ ዕዳ አለብን፤ እርሱም እውነት ነው። በሦስት ወር ሊደርስበት የማይችለውን ልጅ «ታልፋለህ፥ አይዞህ» ብሎ ማታለል ርኅራኄ አይደለም። ያለበትን ደረጃ በክብር ነግሮ፥ ዳግመኛ ለመሰናዳት የሚችልበትን መንገድ፥ ወይም የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቱን ደጅ ማሳየት ይገባል። ብረት የሚያቀልጥ፥ የኤሌክትሪክ መሥመር የሚዘረጋ፥ የታመመ ከብት የሚያድን ሰው ከባለዲግሪው የሚያንስ ሰው አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ካልገባህ ሰው አትባልም የሚል አገር፥ ከመቶ ዘጠናውን ልጁን በአንድ ቀን ይረግማል።

እንግዲህ ይህን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው? መንግሥት ድርሻው የታወቀ ነው፤ መምህር መላክ፥ መጽሐፍ ማዳረስ፥ ቤተ ሙከራ ማቋቋም የርሱ ነው። ነገር ግን በግለ ሰው እጅ ያለ ድርሻም አለ። በ1956 ዓ.ም. ወዲህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ ብዙዎቹም መምህራን ሆነው አገልግለዋል። ያ ሥርዓት ዛሬ የለም፤ አሳቡ ግን ሕግ ሳይጠብቁ ሊፈጽሙት የሚቻል ነው። አምና ፈተናውን ያለፈ ወጣት በክረምት ወደ ወረዳው ሲመለስ፥ በዚያ ያሉትን ታናናሾቹን ሁለት ወር ሂሳብና እንግሊዝኛ ቢያስጠና፥ የትምህርት ምርጫውን ነገር ቢያስረዳቸው፥ ከማንም ሊቅ ይልቅ ይሰሙታል፤ ያንኑ አቧራ ሲረግጥ አይተውታልና። የከተማ ነጋዴ ለሠርግ ከሚያወጣው ከጥቂቱ አንዲት ክፍል በፀሐይ ኃይል መብራት አብርቶ የማታ ማንበቢያ ሊያደርጋት ይችላል። ካህኑም አዳራሹን ሊከፍት፥ በጉባኤም ለወላጆች፥ ይልቁንም ሴት ልጅን ከመጽሐፍ እያስነሡ ወደ ማድቤት ለሚልኩት፥ ሊመክር ይችላል።

ይህን ስናደርግ ግን አንድ ነገር እንጠንቀቅ። በዚህ በእኛ ዘመን ለድኻ ተማሪ ዐሥር ደብተር ሲሰጡ ልጁን ደብተሩን አስይዞ ፎቶግራፍ አንሥቶ ማሳየት የተለመደ ሆኗል። ባለዕዳ ዕዳውን ሲመልስ ባለገንዘቡን በአደባባይ አቁሞ «ይኸው ሰጠሁት» አይልም። ያ ልጅ ነገ ሐኪም ወይም ዳኛ ይሆን ይሆናል፤ ሆነም አልሆነም ፊቱ የርሱ ነው።

በመጀመሪያ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ለድኻው ተማሪ የሚደረገው ርዳታ ዕዳ ነው። ዕዳ የሚሆነውም ልጁ ስለሚያሳዝን አይደለም፤ እኛ የተማርነው በአባቱ ገንዘብ ስለሆነ ነው። የፈተናው ቀን ደግሞ በያመቱ ይመጣል። እንግዲህ ከመስከረም ጀምሮ ያለው ጊዜ የመክፈያ ጊዜ መሆኑን ያወቀ ሰው፥ በቅርቡ ያለውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሄዶ «ከልጆቹ መካከል ማንም ያልጠየቀው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ።